ግጥምና ዜማው «የሕዝብ»፣ ገንዘቡስ የማን?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። ተነቅንቆ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። አጥሩን ነቅለው፣ ተሸክመው፣ ገበያ አውጥተው ከሸጡት በኋላ ተመልሰው ለባለቤቱ ለራሱ «ግዛን» ሲሉትስ ምን ይባላል? በቆላው ሰው ዘፈን ላይ የሆነው ይኸው ነው።

እስቲ ቤትዎ ውስጥ አሮጌ ሲዲ ካለ ያውጡና ሽፋኑን ያንብቡ። ካሴትም ከሆነ ግድ የለም። የድምፃዊው ስም በደማቁ ተጽፏል፤ ፎቶውም አለ። አቀናባሪው አለ። ስቱዲዮው፣ ድምፁን ያዋሐደው፣ ማስተሪንጉን የሠራው፣ አከፋፋዩ፣ የሱቁ ስልክ ቁጥር፣ ሌላው ቀርቶ ፎቶ ያነሳው ሳይቀር ተመስግኗል። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ አባዝቶ መሸጥ ያስቀጣል» የሚል ማስፈራሪያም አይጠፋም። ታዲያ የዘፈኖቹን ዝርዝር ይዘው ሲወርዱ፣ ያ ሠርግ ቤቱን ሁሉ ያስጨፈረው ዘፈን ዘንድ ሲደርሱ፣ ምን ይላል? «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ»።

ለመሆኑ ይኼ «ሕዝብ» የሚባለው ሰውዬ ማነው? የት ነው የሚኖረው? ሒሳቡንስ የሚቀበለው በየትኛው ባንክ በኩል ነው?

አድራሻው ለጠፋባችሁ ልንገራችሁ። አንዱ መኖሪያው መተማ ነው። ቋራ ነው። ምዕራብ አርማጭሆ ነው። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ግን ተፈልጎ አይገኝም፤ የጠራው የለማ!

ሰሊጡ ስም አለው፣ ዘፈኑ ግን የለውም

የምዕራብ ጎንደር ቆላ በሰሊጥ የታወቀ ነው። ከዚያ የሚወጣው ሰሊጥ በምርት ገበያው «የሁመራ ጎንደር» ተብሎ በትውልድ ቦታው ስም ይጠራል። በኩንታል ይመዘናል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ መጋዘን ሲገባ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ባሕር ማዶ ያለው ገዥ እንኳ የየትኛው አገር ፍሬ እንደሆነ አውቆ ነው የሚገዛው። ደግ ነው፤ እንዲህም መሆን አለበት።

ያንን ሰሊጥ ግን ማነው ያረመው? ክረምት በገባ ቁጥር ከደጋው በሺህ የሚቆጠር ወጣት ጉልበቱን ይዞ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው፤ መስከረምና ጥቅምት አጨዳ። ያ ሁሉ አረም ደግሞ ያለ ዘፈን አይገፋም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሙቀቱና ትንኙ በዜማ ነው የሚረሳው። ገንዘቡ እጅ የገባ ለት ደግሞ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ አይታጣም። ከጎንደር ገጠር ወርዶ፣ የሰውን ስምና አገር ጠይቆ፣ ግጥሙን እዚያው ፊት ለፊት ገጥሞ ያወርደዋል። ቀረርቶና ፉከራውማ አይነሳ! ቋራ የአፄ ቴዎድሮስ አገር ነው። መተማ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም የወደቁበት መሬት ነው። ለዚህ ሕዝብ ፉከራ መድረክ ላይ የሚታይ ትርኢት ሳይሆን የኑሮው ወግ ነው። በዚያው በመተማና በቋራ የሚኖረው የጉሙዝ ሰው ዘፈንማ «የሕዝብ» ለመባል እንኳ ወጉ የሚደርሰው መቼ ይሆን?

እንግዲህ ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። አንዱ ከተሜ ይወርድና ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። «አባባ፣ እስቲ ያችን ነገር አንዴ ይድገሙልኝ» ይላል። አዛውንቱም እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና ይደግሙለታል። ምናልባት አንድ ቢራ ይገዛላቸው ይሆናል። ድምፁ አዲስ አበባ ይገባል። ኦርጋንና ድራም ይጨመርበታል፤ ማሲንቆው ጭራሽ ይወጣል፤ ወይም ለወጉ ያህል ከመግቢያው ላይ ትንሽ ይቀመጣል። ሲዲ ሆኖ ይወጣል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ክሊፕ ይሠራለታል። ከወራት በኋላ ያው ዘፈን በፍላሽ ተጭኖ በጎንደር መንገድ ቁልቁል ይመለሳል። የአዛውንቱ ልጅ ከሞባይል ቤት ገብቶ ብር ከፍሎ ሜሞሪው ላይ ያስጭነዋል። ያባቱን ዘፈን ተከራየ እንበል ወይስ ገዛ? ይኼን ስርቆት ብሎ መጥራት የሚያስፈራው ካለ ሌላ ስም ያውጣለት።

ስሙ የተጻፈለት መቶ ዓመት ይኖራል

«ስም ብቻ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ስም ምን እንደሚያደርግ ታሪክ ይመስክር።

በ1900 ዓ.ም ገደማ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ወደ ጀርመን አገር የተላከው ተሰማ እሸቴ (በኋላ ነጋድራስ) በርሊን ላይ ቤካ ለተባለው ኩባንያ ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች መካከል የሚቆጠሩት እነዚህ ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያ ሸክላዎች ተሰብስበው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ቁጥር 27 ሆነው በሲዲ ወጡ። በማን ስም? በተሰማ እሸቴ ስም! ሸክላው ላይ ስሙ ስለነበረ የልጅ ልጅ ሊያገኘው ቻለ። «የሕዝብ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ማን ብለን እንፈልገው ነበር?

ሌላም እንጨምር። በ1940 ዓ.ም በወጣ የመንግሥት ትእዛዝ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አንድ የሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት፣ አምሃ እሸቴ፣ በ1961 ዓ.ም ትእዛዙን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው የታተመው ሕንድ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አወጣ፤ ከዚያም ደርግ መጥቶ እሱም ተሰደደ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የአምሃን ሥራዎች በሲዲ ሊያወጣ ሲነሳ መጀመሪያ ያደረገው ባለመብቱን ፈልጎ መስማማት ነበር። በሲዲዎቹ ውስጥም የዘፋኙ፣ የአቀናባሪው፣ የሙዚቀኛው ስም፣ ዘመኑና ፎቶው ሳይቀር ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ ሲገባ «ይኼ የማን ነው?» ብሎ የተቸገረ አልነበረም። ተጽፎ ነበራ!

እንዲያውም የባሰውን ልንገራችሁ። በ1924 ዓ.ም በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በገላባት አድርጎ፣ በመተማ በኩል ገብቶ፣ ጎንደር ወጣ። እነዚህ ሰዎች የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንስተው ወደ ፓሪስ ወሰዱ፤ ሥዕሎቹም እዚያው ሙዚየም ገቡ። ይቅር የሚባል ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከቡድኑ አንዱ፣ ሚሼል ሌሪስ፣ የጎንደርን የዛር ቤት ጉዳይ ሲጽፍ የባለ ዛሯን ስም «መልካም አየሁ» ብሎ መዝግቧል። እንዴት ነው ነገሩ? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያነሳው ፈረንጅ እንኳ ማን እንደነገረው ጽፏል፤ የኛ ሰው የወገኑን ዘፈን ወስዶ ስሙን መጻፍ አቃተው? ከፈረንጅ ያነስነው በመሣሪያ አይደለም፤ በይሉኝታ ነው!

ቀረጻ ማለት ካርታ ነው

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፍቷል። አዋጁ ዘፈን የሚጫወተውን ሰው «ከዋኝ» ይለዋል። ከዋኝ የተጫወተው ነገር ይቀረጽ ወይም አይቀረጽ ብሎ የሚፈቅደው ራሱ ነው። መብቱም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። እንግዲህ ያ ስልክ ይዞ የወረደው ከተሜ፣ ያለ ፈቃድ ቀድቶ ለንግድ ያዋለው፣ ገና ስቱዲዮ ሳይገባ ነው ሕጉን የጣሰው!

ወረቀት ላይ እንዴት ያምራል! ለቆላው አዝማሪ ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ለምን? ያው አዋጅ የፈጠራ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በአንድ ነገር ላይ ሲቀረጽ ወይም ሲጻፍ ነው ይላል። አዝማሪው ደግሞ የሚፈጥረው ባፉ ነው። ዛሬ ማታ ገጥሞ ያወረደው ግጥም ነገ ጧት ማስረጃ የለውም። ቀድሞ የቀረጸው፣ ቀድሞ ያሳተመው፣ ቀድሞ ስሙን የጻፈው እሱ ባለቤት መስሎ ይቀርባል።

ይኼን ነገር የቆላ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዕድሜ ልኩን ሲያርሰው የኖረውን መሬት አንድ ኢንቨስተር ካርታ ይዞ መጥቶ «የኔ ነው» ሲለው የኖረ ሰው ነው። ካርታ ያለው ይወስዳል፣ ካርታ የሌለው «ተነስ» ይባላል። በዘፈንም እንዲሁ ነው። ቀረጻ ካርታ ነው። «የሕዝብ» የሚለው ቃል ደግሞ ስም ያልተሞላበት ባዶ ካርታ ነው፤ የያዘው ሁሉ የፈለገውን ይሞላበታል። እኔ የምለው ይኼን ነው፤ የምዕራብ ጎንደር ሰው ዘፈኑን በገዛ አገሩ፣ በገዛ ስሙ፣ ሌላው ሳይቀድመው ይቅረጽ!

ሰበብ ሞልቷል

አንደኛው ሰበብ «ባህል የሁሉም ነው፤ ሒሳብ ከተገባበት ይሞታል» የሚል ነው። ደህና። የሁሉም ከሆነ ሲዲው ላይ «አባዝቶ መሸጥ ያስቀጣል» የሚለው ምን ሊሠራ ተጻፈ? ከመተማ ሲወሰድ የሁሉም፣ መርካቶ ሲደርስ የአንድ ሰው! እርግጥ ነው፣ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ዜማ አለ። ለሱ ማንም «እኔ ደረስኩት» አይበል። ግን ከየትኛው ወረዳ እንደተገኘ፣ ማን ሲጫወተው እንደተቀረጸ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? ደግሞም «የሕዝብ» ከተባሉት ሁሉ የጥንት ያልሆኑ፣ ገጣሚያቸው በሕይወት ያሉ፣ ተጠይቀው ቢሆን «የኔ ናት» የሚሉ ሞልተዋል።

ሁለተኛው ሰበብ «ሲዲ እኮ ሞቷል፤ አሁን ዘመኑ የዩቲዩብ ነው» የሚል ነው። ሲዲው ቢሞትም ሌብነቱ አልሞተም፤ ቤት ነው የቀየረው። ድሮ ሙዚቃ ቤቱ ይሸጠው የነበረውን ዛሬ የቻናሉ ባለቤት በማስታወቂያ ይለቅመዋል። መግለጫው ሥር ገብታችሁ ብታዩ ያው «የሕዝብ» የሚለው ቃል ቁጭ ብሏል። በ2011 ዓ.ም ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ ሲከፍቱ ባለሙያው የድካሙን እንዲያገኝ ነበር ሐሳባቸው። ሐሳቡ ቅዱስ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ግን በአውታርም በሌላም ገንዘብ አይደርሰውም። መጀመሪያ መዝገቡ ላይ መግባት አለበት።

ሦስተኛው ሰበብ የመንግሥት ሰዎች ነው። «ባህላችንን እያስተዋወቅን ነው» ይሉናል። አይተናል! ፌስቲቫል በተባለ ቁጥር አዝማሪው ቲሸርት ለብሶ ይሰለፋል። ባለሥልጣኑ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ካሜራው ይቀርጻል፤ አበል ይከፈላል (ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ)። ያ ቀረጻ ከዚያ በኋላ የት ይገባል? አዝማሪው አንድ ቅጂ ደርሶት ያውቃል? ስሙ የት መዝገብ ላይ ሰፈረ? የባህል ቢሮ ሥራው መድረክ ማሳመር ነው ወይስ ባህል ማስቀመጥ?

አራተኛው «አሁን ጊዜው አይደለም፤ አገሩ ሰላም የለውም» የሚለው ነው። እሱ እውነት ነው፤ ሰላም የለም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ነው፤ የጎንደር መተማ መንገድ የእገታ ወሬ የሚሰማበት ሆኗል። ግን ለዚህ ነው የሚያስቸኩለው! ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል ዘፈኑ አብሮት ይሄዳል። ሩቅ ሳንሄድ ድንበር ተሻግረን እንይ።

ከገላባት ወዲያ ምን ሆነ?

መተማ ቆሞ ሱዳንን መስማት ራዲዮ መክፈት ብቻ ነበር። የመሐመድ ዋርዲና የሰይድ ኸሊፋ ድምፅ ለቆላው ሰው ባዕድ አይደለም፤ የኛም ዘፈን ወዲያ ተሻግሮ ካርቱም ይጨፈርበታል። የሱዳን ዜማ በአማርኛ ግጥም፣ የኛ ዜማ በዐረብኛ ግጥም ሲዘፈን ስንት ዘመን ሆነው! እዚያም እዚህም ባለቤቱን የጠየቀ ጥቂት ነው። ኬላው ላይ ጆንያ ይቆጠራል እንጂ ዘፈን አይቆጠርማ።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በዚችው በመተማ በኩል ተሰዶ ገባ። ያን ጊዜ ኦምዱርማን ያለው የሱዳን ራዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የአገሪቱ የሙዚቃ ክምችት ያለበት ግቢ፣ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ። ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2016 ዓ.ም ነው። ለአሥራ አንድ ወር ያህል የአንድ አገር ድምፅ በጥይት መሀል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ትምህርቱ ሁለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ቀረጻ እንዳልተቀመጠ ይቆጠር። ጭራሽ ያልተቀረጸው ደግሞ ለመቃጠል እንኳ አይታደልም፤ ሰውየው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ምን ይደረግ?

«መተቸት ቀላል ነው» እንዳይባል፣ እነሆ የሚሠራው። ሚሊዮን ብር አይጠይቅም፤ የተማረ ወጣትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

አንደኛ፣ አቀራረጹ። በስልክ ቀድቶ በቴሌግራም መላክ ቀረጻ አይባልም፤ ድምፁን ጨምቆ ግማሽ ነፍሱን ያወጣዋል። አንዲት የእጅ መቅረጫ በቂ ናት። በዋቭ፣ በ24 ቢትና በ48 ሺህ ኸርዝ ይቀረጽ። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰዓት ዘፈን 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ባለ 32 ጊጋ ካርድ ወደ 30 ሰዓት ይችላል። ጄኔሬተር ካለበት መራቅ ነው፤ ማይኩን ከነፋስ መከለል ነው። ማሲንቆው ድምፃዊውን እንዳይውጠው አስቀድሞ ሞክሮ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ነው። የመጀመሪያው ቀረጻ ሳይነካ፣ ሳይቆረጥ፣ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ መተማ ወይም ገንዳ ውሃ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ከክልሉ ውጭ።

ሁለተኛ፣ ሲዲው። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የወጣ ዕቃ ነው፤ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በ16 ቢት ይጽፋል፤ እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል። ተራው ኤምፒ3 የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው የሚያስቀረው። ስለዚህ ከዋቩ ወደ ሲዲ ይገልበጥ እንጂ ከኤምፒ3 አይሁን። በኮምፒዩተር የተጫነ ሲዲ ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር መስኮት ላይ ከተቀመጠ ዕድሜው አጭር ነው። ታዲያ «ሲዲ ከሞተ ምን ይሠራል?» ካላችሁ፣ መልሱ አዛውንቱ ቤት ነው። ኢንተርኔት ሲዘጋም አይጠፋም። በእጅ የሚያዝ፣ ስም የተጻፈበት፣ ለልጅ የሚሰጥ፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ መዝገቡ። ማን ዘፈነ? ግጥሙን ማን ገጠመ? ዜማውን ከማን ተማረው? የት ቀበሌ? ቀኑ መቼ? ከቀረጻው በፊት ፈቃዱ ይጠየቅ። የሚሸጥ ከሆነ ውል በጽሑፍ ይሁን። ያልተማረ ከሆነ ውሉ በምስክር ፊት ይነበብለትና በጣት አሻራው ይፈርም። ጉሙዙም በቋንቋው ይነበብለት። አንድ ቅጂ እዚያው እጁ ላይ ይቅር።

አዲስ አበባ ያላችሁ ድምፃውያንና አቀናባሪዎች፣ እናንተንም ይመለከታችኋል። ዘፈናችሁን የሚያባዛውን ስንት ዘመን «ሌባ» ስትሉት ኖራችኋል፤ እውነታችሁን ነው። ግን የተሰረቀበት ሰው የሌላውን ሲወስድ ስሙ አይለወጥም። በሚቀጥለው ሥራችሁ «የሕዝብ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ያን ዜማ ያቀበላችሁን ሰው አስታውሱትና ስሙን ጻፉ፤ ድርሻውን ላኩ። የባለሙያ ማኅበራትም ሮያሊቲ ስትሰበስቡ ከአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ወዲያ አባል እንዳላችሁ ወይም እንደሌላችሁ መዝገባችሁን አገላብጡ።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ሰሊጡ ይታረማል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሰሊጡ ከነስሙ መጋዘን ይገባል። ዘፈኑስ?

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ወሬ ያሰማን!